ከአባባ የወረስኩት
(በአስኮ ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር)



«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አበው። የዛሬው ንግግሬ ስለ ውርስ ነው። ውርስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቤትና ቦታ ነው። እኔ ከአያቴ ያገኘሁት ግን ካርታ የለውም። ቁመቴና ሰፊ ግንባሬ የሳቸው ናቸው ይሉኛል፤ ይህ በደም የመጣ ስለሆነ አልለፋሁበትም። የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ደግሞ አብሮ በመኖር፣ በማየትና በመስማት የሚተላለፍ ሌላ ውርስ እንዳለ ያስተምራል። በማህበራዊ ሠራተኝነት ሙያዬ በየቀኑ የምጠቀመው ይኸኛውን ነው።

አያቴን «አባባ» ነበር የምንላቸው። ከጫማ ፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ፣ እዚሁ ሰፈር የእድር ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ወሬ አይወዱም፤ ሰዓት ግን ያከብራሉ።

በ1996 ዓ.ም. አክስቴ ታመመች። ይህን የምነግራችሁ በራሷ ፈቃድ ነው። ተመርምራ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ መኖሩን አወቀች፤ ወሬው እንደተሰማም ከተከራየችበት ቤት እንድትለቅ ተነገራት። ኤች አይ ቪ በአገራችን መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት አልፎም አብሮ መብላት ያስይዛል ብሎ የሚፈራ ሰው ገና ብዙ ነበር። አባባ ዕቃዋን በጋሪ አስጭነው ወደ ቤት አመጧት። ጎረቤት «ልጆቹን አርቁ» ብሎ ሲመክራቸው ዝም አሉ። ምሳ ሲደርስ አንድ ትሪ አስቀረቡና መጀመሪያ እሷን አጎረሱ፣ ቀጥለው በዚያው እጃቸው እኔን። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በመብላት፣ በመጨባበጥና በመተቃቀፍ ኤች አይ ቪ እንደማይተላለፍ የተማርኩት ከዚያች ጉርሻ ነው።

ቀጥለው ጉዳዩን ወደ እድሩ ወሰዱት። «ለሞተ ድንኳን ከመትከላችን በፊት ለታመመ ሾርባ እናድርስ» አሉ። ደንቡ ስለ ቀብር እንጂ ስለ ሕሙማን አይናገርም ነበርና ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «የእድር ገንዘብ የለቅሶ ነው!» ያሉም ነበሩ። አባባ አልጮሁም፤ ሦስት ስብሰባ ሙሉ ያንኑ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። በአራተኛው ደንቡ ተሻሻለ። በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ ሌሎች እድሮችም ለሕሙማንና ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ድጋፍ ማድረግ ጀምረው ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ-ኤች አይ ቪ መድሃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር አክስቴ ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ሆነች። ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት መዋጥ ነበረባት። አባባ የማታውን ዜና ሊሰሙ ሬዲዮኑን ሲከፍቱ ውሃው በብርጭቆ ተቀድቶ ይጠብቃታል። አንድም ቀን «ረሳሁ» ሲሉ አልሰማሁም። መድሃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ሊላመደው ስለሚችል ያ ብርጭቆ ውሃ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ2002 ዓ.ም. አክስቴ ወለደች። ያለ ምንም ሕክምና ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ100 ከ15 እስከ 45 ይደርሳል፤ በሕክምና ግን ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። በእርግዝናዋ ክትትል ስላደረገች ልጇ ከቫይረሱ ነፃ ናት። ዛሬ እንደናንተው ተማሪ ነች፤ ግንባሯም የአባባ ነው!

ወጣቶች፣ አባባ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። ከሳቸው የወረስኩትን ልቁጠርላችሁ። ቀጠሮ አላሳልፍም። የታመመ ሰው ቤት ስገባ ከበር ቆሜ አላወራም፤ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ቡና ቢቀርብ እጠጣለሁ። አንድ ሐሳብ ስብሰባ ላይ ቢወድቅም በሚቀጥለው ይዤው እቀርባለሁ። ግትርነታቸውም ሳይተርፈኝ አልቀረም፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይመሰክራሉ!

ዛሬ መድሃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ብዙዎችም በቀን አንድ ኪኒን ብቻ ይበቃቸዋል። ለዚህ ለመድረስ ግን መመርመር ይቀድማል። ለመመርመር ደግሞ «ውጤቴን ብናገር ማን ያስጠጋኛል?» የሚለው ፍርሃት መሸነፍ አለበት። ይህን ፍርሃት ኪኒን አያድነውም፤ አንድ ትሪ የሚያስቀርብ ሰው ነው የሚያድነው።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠብቁ፣ ተመርመሩ። ዛሬ ማታ ደግሞ ከአያቶቻችሁ ጎን ተቀምጣችሁ በዚያ ዘመን ሰፈሩ እንዴት እንደነበረ ጠይቋቸው። አያት የሌላችሁም አትዘኑ፤ እንዲህ ያለው ውርስ ከጎረቤት ሽማግሌም ይገኛል።