ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ላሰበ ቤተሰብ



ዛሬ የምንነጋገረው ለሥራ ከአገር ስለ መውጣት ነው። ከፋርጣ፣ ከላይ ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴም ልጆች ይወጣሉ። ገሚሱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይሄዳል። ገሚሱ በመተማ ወደ ሱዳን ይሻገራል። ሌላው ጅቡቲ ውስጥ ከኦቦክ ጀልባ ተሳፍሮ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ያመራል። እኛ «አትሂዱ» ልንል አልመጣንም። መሬቱ ጠቧል፤ ልጁ በዝቷል። ይህን እናንተ ከኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የምንለው፣ ከመሄድ በፊት ቁጭ ብለን እንቁጠር ነው።

እስቲ ከበሬው እንጀምር። ለደላላ የሚከፈለው ብር ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከጥማዱ አንዱ በሬ ይሸጣል። ታዲያ የበሬው ዋጋ ገበያ ላይ የተቆጠረው ብር ብቻ ነው? አይደለም። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ መቀናጆ ይፈልጋል። መቀናጆ ቢያገኝም ተራ ይጠብቃል፤ ተራው እስኪደርስ ጉና ሥር ገብስ የሚዘራበት ቀን ያልፋል። መቀናጆ ያጣው ደግሞ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ግማሹ ምርት ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ገባ ማለት ነው። ልጅቱ ሁለት ዓመት ብትቆይ፣ የሁለት ዓመት ግማሽ ምርት ከወጪው ጋር ይደመር። ይህን ደላላው አይነግራችሁም።

ብሩ በአራጣ የመጣ ከሆነማ ይብሳል። በመቶ ብር በወር 10 ብር ወለድ ቢሆን፣ በ10 ወር ወለዱ ከዋናው ይተካከላል። ዋናው ገና አልተነካም።

አሁን ገቢውን እንይ። የወር ደመወዙ 1,000 ሪያል ነው እንበል። በ24 ወር 24,000 ሪያል ይሆናል። ዕዳው የ8 ወር ደመወዝ ከበላ የሚቀረው 16,000 ነው። ከዚህ ላይ ለቤት የሚላከው፣ ለልብስና ለስልክ የሚወጣው ይቀነሳል። የተረፈው ያንን በሬ መልሶ ይገዛል ወይ? የበሬ ዋጋም እኮ ሁለት ዓመት ባለበት አይቆምም።

ሕግም አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባትና ለመሳሰለው ነው። እንግዲህ «ለቪዛና ለትኬት በሬ ሽጡ» የሚል ሰው ቤታችሁ ሲመጣ፣ ፈቃዱን አሳየን በሉት። ልጅቱም 18 ዓመት ሳይሞላት አትሄድም።

ሙያውስ? በእንጨት ያበሰለች ልጅ እዚያ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያ መኪና ይጠብቃታል። ቋንቋውም ዐረብኛ ነው። አስቀድማ ብትሠለጥን ይሻላታል። ሙያ ግን ብቻውን አይበቃም። እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት የነበሩት ፈረንጆች የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሯቸው። ያን ያህል ሙያ ይዘው እንደ ልባቸው ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም፤ የተለቀቁት በ1860 ዓ.ም. በመቅደላው ጦርነት ጊዜ ነው። በብዙ የዐረብ አገሮችም የሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር ታስሮ ኖሯል። ከፋላ ይሉታል። ተበድላ ከቤቱ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች።

መመለስም ሳይታሰብ ይመጣል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። በእጃቸው ሻንጣ ብቻ ይዘው የገቡ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ የባንክ ደብተሩ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም ይከፈት፤ በወንድም ወይም በአጎት ስም አይሁን። ከምትልከው ላይ ስንቱ ለቤት፣ ስንቱ ለደብተሯ እንደሚሆን እዚሁ ምድጃ ዳር ተነጋገሩ።

ውሉንም አንብቡት። አሁን ፊደል ቆጥራችኋል፤ ቀስ ብላችሁ፣ በጣት እየተከተላችሁ። ደመወዙ ስንት ነው? የዕረፍት ቀን አለ? የአሠሪው ስም፣ ከተማውና ስልኩ ተጽፏል? አንዱ ቅጂ ከልጅቱ ጋር ይሂድ፤ ሌላው እናቷ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።