«ደርሳለች» የምትል መልስ



ስለ ኢንተርኔት እንድናገር ስጠየቅ አዘጋጆቹ ስልክ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። እኔ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ፤ ኮምፒዩተር እምቢ ሲለኝ የምጠራው የኔትወርክ ባለሙያ የሆነውን ታናሽ ወንድሜን ነው። እሺ ያልኩት እሱ የነገረኝ ነገር ጨለለቅቱ ከሰማሁት ጋር ስለገጠመብኝ ነው።

ከዓመታት በፊት ከጨለለቅቱ አካባቢ አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል በሪፈር መጣች። ደም ሰጠናት፣ ኦፕሬሽን ገባች፣ በአምስተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ ወጣች። የሪፈር ወረቀቱ ግርጌ ላይ ለላኪው ተሞልቶ የሚመለስ ክፍል አለ። ባዶውን ካርዷ ውስጥ ቀረ። መሙላት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከወራት በኋላ ለሱፐርቪዥን እዚያው ሄድኩ። ቡና እየጠጣን የላከቻት አዋላጅ ነርስ ጠጋ አለችና «ዶክተር፣ ያቺ እናት የሞተችው መንገድ ላይ ነው ወይስ እናንተ ጋ ከደረሰች በኋላ?» አለችኝ። «ድናለች እኮ!» ስላት አለቀሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ትንሽ ደም ያየችባትን ሁሉ ትልክ ነበር። እኛ ደግሞ «በማያስፈልግ ሪፈር ተጨናነቅን» እያልን ጤና ጣቢያዎችን እናማለን።

ይህን ለወንድሜ ስነግረው «እኛም ጋ ደርሷል» አለኝ።

ድረ ገጽ ስትከፍቱ መረጃው በአንድ ላይ አይመጣም፤ ተቆራርጦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይላካል። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳተሙት ሐሳብ የተወለደው ቲሲፒ ተቀባዩን «እስከዚህ ድረስ ደርሶኛል» ያሰኘዋል። መልስ ካልመጣ ላኪው ጠፍቷል ብሎ ይደግማል። ከላዩ ያለው የድረ ገጹ ቋንቋ ኤችቲቲፒም በቁጥር ይመልሳል፦ 200 ተሳክቷል፣ 404 አልተገኘም፣ 503 አሁን አልችልም። 503 ሲል ከስንት ሰከንድ በኋላ ተመልሰው ይሞክሩ እንደሆነ መጨመርም ይችላል። («አልጋ የለም» ብለን ስልክ የምንዘጋ ይህችን እንስማት።)

እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በሰከንድ 32 ሺህ ቢት ያሳልፍ የነበረው ግንኙነት ወደ 40 ቢት ወረደ። መስመሩ አልተበጠሰም። ምላሽ የዘገየባቸው ኮምፒዩተሮች ጠፋ ብለው ያንኑ ደጋግመው በመላክ ራሳቸው መንገዱን ዘጉት። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያሳተመው መፍትሔ መስመር ማስፋት አልነበረም፤ ላኪው በጥቂቱ ጀምሮ፣ «ደርሶኛል» በመጣለት መጠን እየጨመረ፣ የላከው ሲጠፋበት እየቀነሰ እንዲልክ ነው። ኢንተርኔት ዛሬም ከዚህ አሠራር ብዙ አልራቀም።

እዚህ ላይ እኔና ወንድሜ ተለያየን። ደም የሚፈሳት እናት የመረጃ ቁራጭ አይደለችም፤ አዋላጇ ከተጠራጠረች ትላክ፣ አትቀንስ። የጎደለው የእኛ መልስ ነው።

አሁን በእኛ ክፍል ኢንተርኖቹ የመውጫ ወረቀት ሲጽፉ ያንን ግርጌ ይሞላሉ፣ ላኪው ጋም ይደውላሉ። ሁልጊዜ አይደለም፤ በተለይ የሌሊት ተረኛ ይረሳል። ከመምህሮቻችን የምለምነው ይህች አንዲት መስመር በኢንተርንሺፕ ምዘና ውስጥ እንድትገባ ነው። ቅጹን ይዤ መጥቻለሁ፤ በምሳ ሰዓት አሳያችኋለሁ።