ዓርማውን መልሶ ሽጉጡን ያስቀረ ሰው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ከሙያችን ክልል ወጣ ያለ ርእስ መርጬ እንድናገር ስጋበዝ የወንጀል ልቦለድ መምረጤ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ ሲወሳበት በዋለ አዳራሽ ውስጥ ስለ ወንበዴና ስለ ሽጉጥ ማንሣት ከቁም ነገር የራቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ልናገርለት ያሰብኩት መጽሐፍ በመሠረቱ የሚጠይቀው ጥያቄ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ጥያቄውም፦ አንድ መሥሪያ ቤት ሊሸከመው የሚገባውን ሸክም አልሸከምም ብሎ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲጥለው ያ ሰው ምን ይሆናል? በዙሪያው ያሉትስ ምን ይሆናሉ? የሚል ነው።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ዊሊያም ማክጊቨርን በ1953 ያሳተመው «ዘ ቢግ ሂት» ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ የወንበዴዎች ልሳን «ሙቀት» ማለት የፖሊስ ክትትል ሲበረታ ወንጀለኛው የሚሰማው ጭንቀት ነው፤ ስለዚህ ርእሱን «ታላቁ ሙቀት» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። በዚያው ዓመት ፍሪትዝ ላንግ የተባለው ዝነኛ አዘጋጅ ታሪኩን ወደ ፊልም ለውጦታል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ፊልሙን ስለሆነ እኔም ከሁለቱም እየወሰድኩ፣ በተለይ ግን ፊልሙን እየተከተልኩ እናገራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ድርሰቱ ዓይነት ጥቂት ልበል። ይህ ዓይነቱ ልቦለድ በእንግሊዝኛ «ሃርድቦይልድ» ይባላል፤ ቃሉ ጠጥሮ የተቀቀለን እንቁላል የሚያመለክት ሲሆን ልቡ የደነደነን፣ ስሜቱን የማያወጣን ሰው ለመግለጽ ይውላል። ዓይነቱ ያደገው በ1920 በተመሠረተው «ብላክ ማስክ» በተባለው መጽሔት ላይ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ የሆነው ዳሺል ሃሜት ደራሲ ከመሆኑ በፊት የፒንከርተን የግል ምርመራ ድርጅት ባልደረባ ነበር፤ ሬይመንድ ቻንድለር ደግሞ ከነዳጅ ኩባንያ የኃላፊነት ሥራው በ1932 ከተሰናበተ በኋላ ወደ ድርሰት የገባ ሰው ነው። በእንግሊዛውያኑ የወንጀል ልቦለድ፣ ለምሳሌ በአጋታ ክሪስቲ መጻሕፍት፣ ወንጀሉ እንደ እንቆቅልሽ ይቀርባል፤ ገዳዩ ከታወቀ ዓለም ወደ ቀድሞ ሥርዓቷ ትመለሳለች። በአሜሪካውያኑ ዘንድ ግን ገዳዩ ቢታወቅም ነገሩ አያበቃም። ከገዳዩ በስተጀርባ ከፋዩ አለ፤ ከከፋዩ በስተጀርባ የከተማው ሹም አለ፤ ከሹሙ በስተጀርባ ደግሞ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ሕዝብ አለ።

ማክጊቨርን ይህን የጻፈው ከአየር ላይ አንሥቶ አልነበረም። ድርጊቱ የሚፈጸምባት ከተማ ፊላደልፊያ ስትሆን፣ እርሱም በዚያች ከተማ የጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ሠርቷል። ጊዜውም በሴናተር ኤስቲስ ኪፋቨር የሚመራው የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ፣ በ1950 እና በ1951፣ በ14 ከተሞች እየተዘዋወረ ስለ ተደራጀ ወንጀል ምስክር የሰማበት ወቅት ነበር። ፊላደልፊያም ከ14ቱ አንዷ ነበረች። በመጋቢት 1951 በኒውዮርክ የተደረገው ምርመራ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ይመለከት ነበር። የቁማርና የጉቦ ገንዘብ በፖሊስና በሹማምንት እጅ እንዴት እንደሚያልፍ በይፋ ተነገረ። ስለዚህ የመጽሐፉ የመጀመሪያ አንባቢዎች ታሪኩን እንደ ተረት ሳይሆን እንደሚያውቁት ጉዳይ ነበር የተቀበሉት።

ታሪኩ የሚጀምረው በፖሊስ መሥሪያ ቤት በወረቀት ሥራ ላይ የነበረ አንድ ሠራተኛ ራሱን በመግደሉ ነው። ነገሩን እንዲያጣራ የተላከው የወንጀል መርማሪ ዴቭ ባኒየን ይባላል። ባኒየን ሚስቱንና ትንሽ ልጁን የሚወድ፣ በደመወዙ የሚኖር ሰው ነው። ሟቹን የምታውቅ አንዲት ሴት ሰውየው ራሱን የሚያጠፋበት ምክንያት እንዳልነበረው ለባኒየን ትነግረዋለች፤ ብዙም ሳትቆይ ተገድላ ትገኛለች። አለቆቹ ነገሩን እንዲተው ያዙታል፤ እርሱ ግን አልተወም። ከዚህ በኋላ ለእርሱ ተብሎ በመኪናው ውስጥ የተጠመደው ፈንጂ ሚስቱን ይገድላል። ባኒየን የበላዮቹ በወንበዴው አለቃ በላጋና እጅ መሆናቸውን ፊት ለፊት ይናገርና ከፖሊስነት ይወጣል። በፊልሙ ውስጥ ዓርማውን አስረክቦ ሲያበቃ ሽጉጡን ግን በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ነው ብሎ ያስቀራል።

ባልደረቦቼ፣ የታሪኩ ቁልፍ በዚህች ድርጊት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዓርማው የሥልጣን ምልክት ብቻ አይደለም፤ የገደብም ምልክት ነው። የያዘው ሰው ማን ላይ፣ መቼና እስከ ምን ድረስ ኃይል ሊጠቀም እንደሚችል የሚወስን ሕግ ከኋላው አለ፤ ስለ ሥራውም ይጠየቃል። ሽጉጡ ብቻውን ሲቀር ግን የሚቀረው ኃይል እንጂ ሥልጣን አይደለም። ባኒየን የተሸከመው ሐዘን እውነተኛ ነው፤ የሚያሳድዳቸውም ሰዎች በእርግጥ ጥፋተኞች ናቸው። ነገር ግን ሐዘን ብርታት ይሰጣል እንጂ መብት አይሰጥም።

የሐዘኑ አገላለጽ ራሱ ሊጤን የሚገባው ነው። ባኒየን አያለቅስም፤ ባዶ የሆነውን ቤቱን ዘግቶ ወደ ሆቴል ክፍል ይገባል። እንደ እኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት፣ ድንኳን የሚተክል እድር፣ ሦስት ቀን አብሮ የሚቀመጥ ዘመድ በአጠገቡ የለም። ደቢ የምትባለው ሴት ሚስትህ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብላ ስትጠይቀው ዕድሜዋን፣ የፀጉሯንና የዓይኗን ቀለም ይዘረዝርላታል። ደቢም ይህ የፖሊስ መግለጫ እንጂ ስለ ሚስት የሚነገር ነገር እንዳልሆነ ትነግረዋለች። ሰውየው የሚወዳትን ሴት የሚገልጽበት ቋንቋ ጠፍቶበት በመዝገብ ቋንቋ ብቻ መናገር እንደቻለ እናያለን።

አሁን ደግሞ ወደ ሴራው አሠራር እንግባ። ራሱን የገደለው ሠራተኛ ስለ ላጋና የሚያውቀውን ሁሉ ጽፎ ትቶ ነበር። ሚስቱ ግን ጽሑፉን ለሕግ አላስረከበችም፤ በአስተማማኝ ቦታ አኑራ እኔ ከሞትኩ ይወጣል ብላ ከወንበዴው ገንዘብ መቀበል ያዘች። እርሷ በሕይወት እስካለች ላጋና ደኅና ነው፤ ስለዚህ ጠባቂዋ ይሆናል። እርሷ ከሞተች ደግሞ እውነቱ ይወጣል። አንድ መሐንዲስ ይህን ሲመለከት የተስተካከለ የሚዛን ሥርዓት ሆኖ ያገኘዋል፤ ሁለት ክፋቶች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ይቆማሉ። ፍሪትዝ ላንግ ራሱ በወጣትነቱ በቪየና ለአጭር ጊዜ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ እንደነበር ሳስታውስ፣ ይህን ግንባታ አጥርቶ ማሳየቱ አያስደንቀኝም።

ከዚህ ግንባታ የሚመነጨው ፈተና ግልጽ ነው። የአንዲት ጥፋተኛ ሴት ሞት ከተማውን ሁሉ ያጸዳል፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። በፊልሙ ውስጥ ባኒየን እጁን አንገቷ ላይ እስከማድረስ ይደርሳል፤ ሆኖም አይገድላትም። በኋላ ግን ይህንኑ ለደቢ ያጫውታታል፤ ደቢም ሄዳ ትገድላታለች። እውነቱ ይወጣል፤ ላጋናም ይያዛል። እርሱ ያልፈጸመውን ከእርሱ ይልቅ ደካማ የሆነች ሰው ፈጸመችለት፤ ዋጋውንም በሕይወቷ ከፈለች።

የፊልም ሐያስያን ደጋግመው ያስተዋሉት ነገር አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አራት ሴቶች ይሞታሉ፤ መረጃ የሰጠችው ሴት፣ የባኒየን ሚስት፣ የሟቹ ሠራተኛ መበለትና ደቢ። ባኒየን ግን በሕይወት ይተርፋል። እንግዲህ ቀጥተኛው ሰው ብቻውን በተጋፈጠ ቁጥር የሚወድቀው ምት በእርሱ ላይ ሳይሆን በአጠገቡ በቆሙት ላይ ያርፋል ማለት ነው። ባኒየንን ጀግና ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው የታሪኩን ግማሽ ትቶታል።

በእኛ ሙያ ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ አለ። በግንቦት 1968 በለንደን ሮናን ፖይንት በተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ፣ በ18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈንድቶ የአንድ ክፍል ግድግዳ ተገፍቶ ወጣ። ፍንዳታው መጠነኛ ነበር። ሆኖም ያ ግድግዳ የተሸከመውን ክብደት የሚቀበል ሌላ መንገድ በአሠራሩ ውስጥ ስላልነበረ የሕንፃው ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተደረመሰ፤ አራት ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ የብሪታንያ የሕንፃ ደንብ ተሻሽሎ አንድ ክፍል ቢጠፋ የቀረው ሸክሙን ተከፋፍሎ እንዲቆም የሚያስገድድ ሆነ። የባኒየን ከተማም እንዲሁ ናት። ፖሊስ አልሸከምም ሲል፣ ሹሙ አልሸከምም ሲል፣ ክብደቱ ሁሉ በአንድ ሐዘንተኛ ላይ ወረደ፤ ከእርሱም ይበልጥ ወደ ደካሞቹ ተላለፈ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ተስፋ የለሽ አይደለም። የመኪና ስብርባሪ በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ባኒየን ስለ ፈንጂ ጠማጁ ሲጠይቅ፣ ባለቤቱ ቤተሰብ አለኝ ብሎ አፉን ይዘጋል። በዚያው ግቢ በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር፣ በከዘራ የምትራመድ አንዲት አሮጊት ግን ተከትላው ወጥታ የምታውቀውን ትነግረዋለች፤ ቤቱ ድረስ ሄዳም ሰውየውን ታሳየዋለች። በኋላም ፖሊስ ለባኒየን ልጅ የመደበውን ጥበቃ ሲያነሣ፣ የሚስቱ ዘመድ የሆነው ሰው አብረውት የተዋጉ የቀድሞ ወታደሮችን ሰብስቦ ሕፃኗን ያስጠብቃል። እስከዚያ ድረስ ፈርቶ ዝም ይል የነበረው የባኒየን አለቃም በመጨረሻ መጥቶ ከጠባቂዎቹ ጋር ይቆማል። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ሸክሙ ሲከፋፈል ነው። ባኒየንም የደቢን ፊት በፈላ ቡና ያቃጠለውን ወንበዴ እጁ ላይ አግኝቶት ሳይገድለው ለሕግ ያስረከበው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ይበልጥ የሚመስለን ባኒየን አይደለም፤ ወረቀት ይዞ የኖረው ያ ሠራተኛ ነው። ወንበዴ አልነበረም፤ ሰው አልገደለም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ማወቅና ዝም ማለት ነው። የእኛም እጅ ዘወትር በወረቀት ላይ ነው። ከ28 ቀን በኋላ የሚሰበረው የኮንክሪት ናሙና ውጤት፣ የክፍያ ማረጋገጫው፣ የርክክብ ሰነዱ፣ ሁሉም በፊርማችን ይጸናል። ናሙናው ከተጠየቀው ጥንካሬ በታች ሆኖ ሳለ አልፏል ተብሎ እንዲጻፍ የሚጠየቅ ወጣት መሐንዲስ በየትም አገር ሊኖር ይችላል። እምቢ ካለ በኋላ የሚሆነው ምንድን ነው? ብቻውን ከቀረ ዕጣው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እንደዚያ ሠራተኛ እውነቱን በመሳቢያ ቆልፎ ይኖራል፣ ወይ እንደ ባኒየን ዓርማውን ጥሎ በቁጣ ይወጣል። ሁለቱም መንገዶች ሰው ያስከፍላሉ፤ ሕንፃውንም አያድኑም።

የሙያ ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል። ለዓመታዊ ስብሰባና ለመጽሔት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንለትም ነበር። እምቢ ያለው ባልደረባችን ስልክ ሲደውል የሚያነሣለት ሰው መኖር አለበት፤ ውጤቱን እንደገና የሚፈትሽለት ሌላ ቤተ ሙከራ፣ ከፊርማው አጠገብ የሚፈርም ሁለተኛ ሰው፣ በሕግ ፊት አብሮት የሚቆም ድርጅት መኖር አለበት። ድፍረት በየሰዉ ልብ ውስጥ እስኪፈጠር ከመጠበቅ ይልቅ ደፋሩ ሰው የማይሰበርበትን አሠራር መንደፍ ይቻላል፤ ንድፍ ደግሞ ሥራችን ነው።

በፊልሙ ፍጻሜ አካባቢ ደቢ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ባኒየን አጠገቧ ተንበርክኮ ስለ ሚስቱ ያወራላታል። በዚህ ጊዜ ዕድሜና የፀጉር ቀለም አይዘረዝርም፤ በቤት ውስጥ እንዴት እንደነበረች፣ ምን ያስቃትና ምን ያስቆጣት እንደነበር ይናገራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዘኑን ለሌላ ሰው አካፈለ። ቀጥሎ የምናየው ወደ ፖሊስ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ቀድሞ ጠረጴዛው ተመልሶ ነው። ስልኩ ይጮኻል፤ አዲስ ወንጀል ተፈጽሟል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ይወጣል። ሥራው አላለቀም፤ ዓርማው ግን ተመልሶለታል።