ማፍላት ስለማያወጣው ነገር
(ሁሩታ ውስጥ ለክሊኒክ አገልግሎት ለመጡ ባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)

ተራችሁ እስኪደርስ ስለ መጠጥ ውኃ ጥቂት እንነጋገር። ውኃ አፍሉ ልላችሁ አልመጣሁም፤ እሱንማ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የማነሣው ማፍላት ስለማያወጣው ነገር ነው።

በቀደም አንዲት እናት ከክትባት በኋላ ቀረት ብለው አነጋገሩኝ። ባለቤታቸው ቆላ ወርደው ይሠሩ ስለነበር ቤተሰቡ እዚያ ስድስት ዓመት ኖሯል። «ውኃውን አፍልቼ ነው ያሳደግኋት፤ ታዲያ የልጄ ጥርስ ለምን በለዘ?» አሉኝ። ልጅቷ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አባትየው ደግሞ «ያው የምንጠጣው አንድ ውኃ ነው፤ የእኔ ጥርስ ነጭ ነው። አንቺ ስለማታጸጂ ነው» እያሉ ይቆጧታል።

ጥፋቱ የልጅቷም የእናትየዋም አይደለም። ነገሩ ፍሎራይድ ይባላል። በስምጥ ሸለቆው ከእሳተ ገሞራ ዓለት እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይገባል። ቀለምና ሽታ የለውም። ጥቂቱ ለጥርስ ስለሚጠቅም የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይጨመራል፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በቆላው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጥፍ ድርብ የሆነ ተገኝቷል። ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የምንጭ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው ያለው። ስለሆነም ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርድ ቤተሰብ ሳያውቀው ውኃው ይለወጥበታል።

አባትየው ያልተረዱት እዚህ ላይ ነው። ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለትም ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። ጥርሱን ጨርሶ አብቅሎ የወረደ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። ይሁን እንጂ እሱም አላመለጠም፤ ፍሎራይዱ በአጥንቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ የእርሻው ሠራተኞች የጉድጓድ ውኃ ይጠጡ ነበር። ከ10 ዓመት በላይ ከጠጡት መካከል አንገትና ወገባቸው አልታጠፍ ያላቸው ሰዎች በ1970ዎቹ በሐኪሞች ታዩ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም ስለዚሁ የስምጥ ሸለቆ በሽታ በ1987 ጽፈዋል።

ታዲያ ማፍላቱስ? ወጥ እሳት ላይ ብዙ ሲቆይ ጨው እንደሚበረታበት ነው። የሚተነው ውኃው እንጂ ፍሎራይዱ አይደለም። ጀርም ስለሚገድል ማፍላትን አትተዉ፤ ግን እንደፈላ አውርዱት። ክሎሪንም ሆነ በጨርቅ ማጥለል ፍሎራይድ አያወጣም።

እርሳስ የሚባለውም ማዕድን እንደዚሁ በማፍላት አይወጣም። (ልጆች የሚጽፉበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ውስጥ እርሳስ የለም።) ይህኛው ብዙውን ጊዜ ከመሬት አይመጣም፤ ከአሮጌ ቧንቧ፣ ከብየዳና ከነሐስ ቧንቧ መክፈቻ ነው ወደ ውኃው የሚገባው። ከነፍሰ ጡር ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የሕፃን አእምሮም ይጎዳል። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውኃ ለመጠጥ አትቅዱ። መድፋት ስለሚያሳዝን ለወለል ማጠቢያ ይሁን። ለምግብም ከማሞቂያ የመጣ ሙቅ ውኃ አትጠቀሙ። ቀለም የነበረበትን በርሜል ለመጠጥ ውኃ ማስቀመጥማ ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ፍሎራይዱ ልመለስ። ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የአካባቢውን ውኃ አገልግሎት «ውኃው ከየት ነው? ፍሎራይዱስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አዳማ ከተማ የአዋሽን ወንዝ አጣርታ ትጠቀማለች፤ ከከተማው ወጣ ሲባል ግን ጉድጓድ ይበዛል። ለልብስና ለገላ የጉድጓዱ ውኃ ምንም አይልም፤ ችግሩ የሚጠጣውና የሚበሰልበት ነው። ለአንድ ሕፃን በቀን ጥቂት ሊትር ይበቃል። አቅም ካነሰ ቅድሚያ ለሕፃኑ ስጡ። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱ እጅግ ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይለፍ፤ የተጠራቀመው ለመጠጥ ሲሆን ይፈላ። ሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ ስላለው ለልጆች በየቀኑ አይሰጥ። ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ በስምጥ ሸለቆው ተሞክሯል፤ ይሠራልም፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ከሰል በጊዜው ካልተለወጠ ለስሙ ብቻ ይቀራል። ለጨቅላ ከሁሉ የሚበልጠው የእናት ጡት ነው። እናትየው የጉድጓዱን ውኃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ወተቷ የሚያልፈው ፍሎራይድ ኢምንት ነው። እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውኃም አያስፈልገውም።

የዚያች ልጅ ጥርስ በመፋቂያ አይነጣም፤ መፈግፈጉ ድዷን ማድማት ነው። የጥርስ ሐኪም ሊያስተካክልላት ይችላል። አባትየው በሌላ ቀን መጥተው ይህንን ሰሙ። ብዙ አልተናገሩም፤ ቁጣውን ግን እንደተዉ እናትየዋ ነግረውኛል። አሁን ባለቤታቸው ተመልሰው ለሥራ ሊወርዱ ነው፤ ታናሽየው ልጅ ደግሞ ገና 2 ዓመቱ ነው። ቤተሰቡ አብሮ ይውረድ ወይስ እዚሁ ይቆይ የሚለውን እየተመካከሩበት ነው።

ነርሷ ስም መጥራት ጀምራለች። ጥያቄ ያላችሁ ከምርመራው በኋላ እዚሁ ታገኙኛላችሁ።