ልጅ ስትሰደብ እናቷን ብቻዋን አንተዋትም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እዚህ ዋሽንግተን የሚገኘውን ጆርጅታውንን ያስተዳድሩ የነበሩት የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ካህናት እ.ኤ.አ. በ1838 በባርነት የያዟቸውን 272 ጥቁሮች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ለሉዊዚያና ባለእርሻዎች ሸጡ። ከዋጋው ከፊሉ ለትምህርት ቤቱ ዕዳ ዋለ።

ማኅበራቸው በ2017 በተሸጡት ሰዎች ዘሮች ፊት ይቅርታ ጠየቀ። በ2021 ደግሞ ለዘሮቹ ትምህርትና ዘረኝነትን ለመታገል የሚውል 100 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገባ። ዩኒቨርሲቲውም አንዱን ሕንፃ በሽያጩ ሰነድ ላይ ስሙ መጀመሪያ በተጻፈው በአይዛክ ሐውኪንስ፣ ሌላውን በአን ማሪ ቤክራፍት ሰየመ። ቤክራፍት በዚያው ሰፈር ለጥቁር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የከፈተች፣ በኋላም የመነኮሰች ጥቁር ሴት ናት።

አንዳንዶቻችን “ይህ የእነሱ ታሪክ ነው፤ እኛን አይመለከተንም” እንላለን። ነገር ግን ልጆቻችንን በቆዳቸው የሚሰድብ ሰው አስቀድሞ አገራቸውን አይጠይቅም።

ስለዚህ በቅዳሜው ትምህርታችን ይህን ታሪክ እናስተምራለን። ልጅ ስትሰደብም፣ በኀዘን ጊዜ እንደምናደርገው ሁሉ፣ ሁለት አባላት ከእናቷ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ። ደጋፊዎቻችን በዚህ እንድታግዙን እንጠይቃለን።