ናሙናው ተወሰደ፤ ውጤቱስ?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን ሮቤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ ስለ ጤና እንደማወራ ገምተው ነበር። አልተሳሳቱም፤ የማወራው ስለ ጤና ነው። ብቻ ወሬዬ በገብስ፣ በስንዴና በቡና በኩል ያልፋል። «ሐኪም ስለ ገብስ ምን አገባት?» ለምትሉ መልሴ አጭር ነው። ጎባም ሆነ ሮቤ ለሕክምና ከሚመጡት ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው። ለምን ዘግይተው እንደመጡ ስንጠይቃቸው የሚሰጡን መልስ ብዙ ጊዜ ከበሽታው ጋር አይገናኝም። «እህሉ ገና አልተሸጠም ነበር» ይሉናል። «አስረክበናል፣ ብሩ አልደረሰንም» ይሉናል። «ጥራቱን አላለፈም ብለው መለሱብን» ይሉናል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመርም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሲስፋፋ የገበሬው መዋጮ የሚሰበሰበው በአብዛኛው አዝመራ ከገባ በኋላ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ገበሬ እጁ ላይ ብር የሚኖረው ያኔ ነውና። ታዲያ ያኔ ምርቱ መጋዘን በር ላይ ከተመለሰ መዋጮው ይቀራል፤ መዋጮው ከቀረ ደብተሩ አይታደስም፤ ደብተሩ ካልታደሰ ደግሞ በክረምት ምጥ የያዛት ሚስቱ ወይም ሳንባ ምች የያዘው ልጁ በጥሬ ገንዘብ ይታከማል፣ ወይም አይታከምም። የጥራት መመዘኛው ወረቀት እኔ ክፍል ድረስ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳዩን ከደጋው ልጀምር። ሲናና፣ አጋርፋ፣ ጋሰራና አካባቢያቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። አንዱ አዝመራ «ቦና» ይባላል፤ በክረምት ተዘርቶ በበጋው ፀሐይ ይታጨዳል። ሌላው «ገና» ነው፤ እንግዶቻችን የልደት በዓል እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት አካባቢ ተዘርቶ ዝናቡ ላይ በሐምሌና በነሐሴ የሚታጨደው ነው። ስማቸውን ያገኙት ከሚታጨዱበት ወቅት ነው። የገናው እህል ከኮምባይነር ሲወርድ እርጥብ መሆኑን ለማወቅ እንግዲህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

የብቅል ገብስ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ለረጅም ዓመታት ትልቁ ገዢ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ነበር፤ ሆልከር የተባለውን ዝርያ የማያውቅ የደጋ ገበሬ የለም። ሄይነከን እ.ኤ.አ. በ2011 የሐረርንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካዎች ከገዛ በኋላ፣ ኋላም ሱፍሌ አዲስ አበባ፣ ቡርትማልት ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ብቅል ፋብሪካ ከከፈቱ ወዲህ በውል ማምረት ተስፋፋ። ይህ መልካም ዜና ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት «የቢራ ገብስ አልዘራም» የሚል ጎረቤት ቢኖርም፣ ለዘራው ሰው ገዢው አስቀድሞ የታወቀ ምርት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ከውሉ ጋር ግን መስፈርት ይመጣል። ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ ገደማ፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ያልበለጠ፣ ከ100 ፍሬ 95 እና ከዚያ በላይ የሚበቅል፣ ፍሬው የደነደነና እኩል የሆነ። መስፈርቱ ክፋት አይደለም። የማይበቅል ገብስ ብቅል አይወጣውም፤ ፕሮቲን የበዛበትም ቢራውን ያደፈርሳል። ምሬቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አንዱ ወገን ገበሬውን «ምርት እንድትጨምር ዩሪያ ጨምር» ይለዋል። ዩሪያው ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲዘገይ ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ሌላው ወገን «ፕሮቲኑ በዛ» ብሎ ይመልሰዋል። ድንበርተኛው ለፓስታ ፋብሪካ ዱረም ስንዴ ዘርቶ ከሆነ ደግሞ የሚነገረው ተቃራኒው ነው፤ «ፕሮቲኑ አነሰ» ይባላል። ሁለቱም አንድ አፈር ላይ፣ በአንድ ዝናብ፣ ከአንድ ማኅበር በወሰዱት ማዳበሪያ ነው የሠሩት። ፕሮቲን ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በጥርስ አይፈተሽም። መሣሪያው ያለው ገዢው ዘንድ ብቻ ነው።

አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት አሉኝ። የደም ምርመራ ውጤታቸውን አስረድቼ ወረቀቱን ስሰጣቸው አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄን ይዤው ልሄድ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ የእርስዎ ነው። ሌላ ሐኪም ጋር ቢሄዱም ያሳዩታል» አልኳቸው።

«እናንተ ከደሜ ጠብታ ወስዳችሁ ወረቀት ሰጣችሁኝ። እዚያ ከገብሴ በጣሳ ወስደው፣ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው መለሱኝ።»

እኚህ አባት ምርመራውን አልተቃወሙም። ውጤታቸውን ነው የጠየቁት። እኛ የሕክምና ሰዎች ናሙና ወስደን ውጤት ብንከለክል ነውርም ጥፋትም ነው፤ በሕግም እንጠየቃለን። ገበሬው ግን የቁጥሩን ወረቀት ሳያይ፣ ሁለተኛ ናሙና ሳይቀመጥለት፣ ይግባኝ የሚልበት ቦታ ሳይኖረው፣ ጭነቱን አሳድሮ የመኪና ኪራይ ከፍሎ ይመለሳል። መንገድ ላይ ደላላ ይጠብቀዋል። ደላላው ፕሮቲን አይለካም፤ ዋጋ ይቆርጣል፣ ብሩን ግን እዚያው ይቆጥራል። ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ውሉን ትቶ ወደ ደላላው ቢሄድ «ውል አፍራሽ» እንለዋለን። ውሉን መጀመሪያ ያላላው ማን እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

ሕክምና ያጠናችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ዊልሰንና ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጁትን የቅድመ ምርመራ መርህ ለፈተና ሸምድደነዋል። ከነጥቦቹ አንዱ፣ በጅምላ ለምትመረምረው በሽታ የታወቀ ሕክምና፣ ለምርመራውም ለሕክምናውም የሚሆን ተቋም ይኑርህ ይላል። መድኃኒት ሳይኖር «ታመሃል» ብሎ መስደድ ሕክምና አይደለም። በነሐሴ ዝናብ እርጥበት ለክቶ፣ ማድረቂያ ሳያዘጋጁ «እርጥብ ነው» ብሎ መመለስም ያው ነው።

አሁን ከሳነቴ አምባ ወደ ደቡብ እንውረድ፤ ሐረና ደን፣ ደሎ መና። እዚያ ቡና የሚበቅለው በዛፍ ጥላ ሥር፣ በራሱ ጊዜ ነው። ስሎው ፉድ የተባለው ከጣሊያን የተነሣ ንቅናቄም የሐረናን የጫካ ቡና ከሚንከባከባቸው ምርቶች መዝገብ አስገብቶታል። ማዳበሪያ የለውም፣ ፀረ ተባይ አያውቅም። ይሁን እንጂ «ኦርጋኒክ» ተብሎ እንዲሸጥ ምርመራና ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፤ ሰርተፍኬቱ በየጊዜው ይታደሳል፣ ለመርማሪውም ይከፈላል። ስለዚህ ገበሬው «ምንም እንዳልጨመርኩ ለማስመስከር ለምን እከፍላለሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

ሰርተፍኬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከዋጋውም ይብሳል። በቡድን በሚሰጥ ሰርተፍኬት ባለቤቱ ገበሬው አይደለም፤ ዩኒየኑ፣ ላኪው ወይም ወጪውን የሸፈነው ድርጅት ነው። ገበሬው የተሻለ ዋጋ አግኝቶ ለሌላ ልሽጥ ቢል ቡናው እንደ ተራ ጀንፈል ይቆጠራል። የታካሚው ካርድ አንድ ሆስፒታል ተቆልፎበት፣ ሌላ ቦታ ሲሄድ ታሪክ የሌለው ሰው ሆነ እንደማለት ነው።

ይህ ነገር ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ቡናም በዚያ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ ዋጋው በግልጽ መታየቱና ክፍያው መፍጠኑ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚቀላቀል የገበሬው ዱካ ይጠፋ ነበር። በቀጥታ መላክ የተፈቀደው በዋነኝነት ለዩኒየኖችና ለትልልቅ አልሚዎች ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና አዋጅ ይህን አላላው። እንዲያም ሆኖ፣ ሕጉ የከፈተውን በር ለማለፍ ገዢ ማወቅ፣ ናሙና መላክና ሰነድ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የደሎ መና ቡና ለቃሚ ይህን ብቻውን አይችለውም።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ሕግ ሆኖ ከጸና ወዲህ ተፈጻሚነቱ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱ በቦታ መለያ ነጥብ ይረጋገጥ ይላል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ለሐረና ይህ ጥቅም ሊሆን ይችል ነበር፤ ደኑን ጠብቆ ያቆየው ሰው የመጀመሪያው ተመስጋኝ መሆን አለበትና። ነገር ግን ነጥቡን የሚመዘግበው ላኪው ከሆነና መረጃውም እሱ ዘንድ ከቀረ፣ ገበሬው አሁንም በሌላ ሰው ካርድ የሚታከም ሰው ሆኖ ይቀራል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ ማሳው ላይ እንዳይፈለግም አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ሊንዴንን የመሰሉ የፀረ ተባይ ቅሪቶች አግኝታ ገበያው ክፉኛ ተመታ። ጥርጣሬው በኋላ ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ፀረ ተባይ ገዝቶ የማያውቅ የጫካ ቡና ገበሬም ከሌላው እኩል የዋጋ ውድቀቱን ተጋራ።

ስሜታዊ ሆኜ መመዘኛ ይቅር እያልኩ አይደለም። እኔ ምርመራ የማምን ሰው ነኝ። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከፌርትሬድ ሽያጭ በሚገኘው ተጨማሪ ክፍያ በተለያዩ ቦታዎች ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ አሠርቷል። ያ ክፍያ በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ አጠቃቀሙንም የሚወስነው የአባላቱ ጉባኤ ነው። ሰርተፍኬት በትክክል ሲሠራ ጤና ኬላ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። የምንፈልገው መመዘኛው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንዲያይ ነው።

ስለዚህ ነገ በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የምታነሡልኝ ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ወረቀት። ናሙና የተወሰደበት ገበሬ ሁሉ እርጥበቱ፣ ፕሮቲኑና ደረጃው የተጻፈበት ወረቀት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሰጠው፤ የታሸገ ሁለተኛ ናሙናም ይቀመጥለት። የግብርና ምርት ውል አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። የሕግ ተመራቂዎቻችን ውሎቹን ከማኅበራቱ ጋር ተቀምጠው አንብቡ፤ ይህ ነጥብ በውሉ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። ገበሬው የሚፈርመው በጣቱ ቢሆንም የሚታሰረው እንደ እኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ገለልተኛ ቦታ። መምህራኖቻችን፣ ላቦራቶሪ አላችሁ፣ ተማሪዎችም አላችሁ። እዚሁ ቅርብ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በአዝመራ ጊዜ አከራካሪ ናሙና የሚመጣበት፣ ከገዢም ከሻጭም ያልሆነ አንድ ጠረጴዛ አዘጋጁ። ለተማሪዎቻችሁም ከዚህ የተሻለ የተግባር ልምምድ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ገንዘባችን። ማኅበራችን በመዋጮው ምን ይሥራ በሚለው ላይ ሐሳቦች ቀርበዋል፤ አንዱ በግቢው በር ላይ መታሰቢያ ማቆም ነው። በሩ ያማረ ቢሆን እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን በዚያው ብር ለመሠረታዊ ማኅበራት የእርጥበት መለኪያ፣ የተፈተሸ ሚዛንና ለገናው አዝመራ የማድረቂያ ሸራ መግዛት ይቻላል። ገበሬው ከቤቱ ሳይወጣ እርጥበቱን ካወቀ አድርቆ ይወስደዋል፤ መጋዘን በር ላይ አይዋረድም።

ሦስቱንም ስናደርግ የሁሉም ሰው ችግር ይፈታል አልልም። የስንዴ ዋጋ፣ የመንገዱ ኬላ፣ የማዳበሪያው መዘግየት ሌላ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ግን በእጃችን ያሉ ናቸው፤ ሚኒስቴር አይጠብቁም።

አብዛኞቻችን የተማርነው በገበሬ ልጅነት ወይም በገበሬ ግብር ነው። በዚህ አዳራሽ አባቱ ጆንያ ሸጦ ደብተር የገዛለት ሰው እጁን ያውጣ ብል፣ የማያወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገ ድምፅ ስንሰጥ ስለ በሩም ስለ ሸራውም በደንብ እንነጋገር። እኔ ለሸራው ነው እጄን የማወጣው።