ትሑት ቀለም ለከበረ መኪና
አንደኛው አቅራቢ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1965 በእንግሊዝ አገር የተሠራችው አስቶን ማርቲን ዲቢ5፣ በ1964 በወጣው «ጎልድፊንገር» በተባለው ፊልም ላይ የለበሰችው፣ ሲልቨር በርች የሚሰኘው ብርማ ቀለም፣ የአካሏን ቅርጽ ሳይሸፍን ብርሃንና ጥላ በጎኖቿ ላይ እንዲፈስስ ስለ ፈቀደ፣ ከማናቸውም ደማቅ ኅብር ይልቅ ስሟን ያጸናላት ይመስለኛል።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ ወንድሜ፣ ቀዩም ቢሆን ያለ ምክንያት አልነገሠም፤ በቀድሞው የእሽቅድምድም ሥርዓት ኢጣልያ ቀይን፣ እንግሊዝ አረንጓዴን፣ ፈረንሳይ ሰማያዊን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ይለብሱ ነበርና፣ የኢጣልያውን ፌራሪ በቀይ የሚመርጥ ሰው ያን ታሪክ ማክበሩ ነው።

አንደኛው አቅራቢ፦ እኔም አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ያ ኅብር ከሩቅ ይለይ ዘንድ ለውድድር የተሰጠ ነውና፣ ለዘወትር መንገድ እንደ ተዋናዩ ስቲቭ ማክኲን ያለ እውነተኛ እሽቅድምድመኛ እንኳ በ1971 «ለ ማን» በተባለው ፊልም መክፈቻ ላይ የነዳት ፖርሽ 911 ኤስ ግራጫ ነበረች። ስለ መኪናው ውስጥስ ምን ይላሉ፣ እኅቴ?

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ እዚያ ላይ አልከራከርዎትም። ወንበሩ ሲያረጅ ግርማው በሚጨምር ቡናማ ቆዳ፣ ወለሉ በሱፍ ምንጣፍ ይሸፈን፤ የዳሽቦርዱ ራስ ግን፣ ነጣ ያለ ቆዳ የፀሐይን ብርሃን ወደ ፊት መስተዋት እየመለሰ የነጂውን ዓይን ያውካልና፣ ጠቆር ያለና የማያብለጨልጭ ይሁን።